ለቫን ኦል ሲዝን ጎማና ትክክለኛውን ቸርኬ እንዴት ትመርጣላችሁ? ደረጃ በደረጃ

ጎማ ገዝተው፣ አስገጥመው፣ ከሳምንት በኋላ ምክር የሚጠይቁኝ ሰዎች ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። "መሪውን እስከ ጫፍ ሳዞር ይፍቃል።" "ስጭን ኋላው ይዋዥቃል።" "የጎማው ጎን አብጦ ወጣ።" ሁሉም ገንዘብ ከኪስ ሳይወጣ ሊያዝ የሚችል ስህተት ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከቸርኬው መልክ ወይም ከዋጋው ነው። ቫን ግን ተሸካሚ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኪሎ፣ ቀጥሎ መጠን፣ ከዚያ ወቅት፣ መልክ መጨረሻ። ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኦል ሲዝን የምለው ዓመቱን ሙሉ፣ በሙቀትም በብርድም እንዲያገለግል የተሠራ ጎማ ነው። እዚህ "በረዶ" ስል መንገዱን የሚሸፍነውን በረዶ ነው፤ በዝናቡ ክረምት የሚወርደውን ማለቴ አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አምስት ፎቶ አንሱ

ስልካችሁንና ባትሪ መብራት ይዛችሁ ወደ መኪናው ውጡ። እነዚህን አንሱ።

1. በሾፌሩ በር ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን የንፋስ መጠን ወረቀት።
2. የሻሲ ቁጥርና የክብደት ቁጥሮች የታተሙበትን ሳህን። በብዛት በር አካባቢ ወይም ኮፈኑ ሥር ነው።
3. የአራቱንም ጎማዎች ጎን፣ ጽሑፉ እንዲነበብ አድርጋችሁ።
4. የስኮርታውን ጎማ።
5. የቸርኬውን ጀርባ። ጭቃ ካለ ጥረጉት፤ ቁጥሮቹ ከሥሩ ናቸው።

የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍም አውጡ። ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ገልብጣችሁ አትሂዱ። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት የተሳሳተ ጎማ ገጥሞ ሊሆን ይችላል፣ እናንተም ስህተቱን በአዲስ ጎማ ትደግሙታላችሁ ማለት ነው። መጽሐፉና በሩ ላይ ያለው ወረቀት ከጎማው ጋር ካልተስማሙ የሚታመነው መጽሐፉ ነው።

ደረጃ 1፦ ኪሎውን እወቁ

ሳህኑ ላይ ብዙውን ጊዜ አራት ክብደቶች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ነው። ሁለተኛው ከተጎታች ጋር ሲሆን ነው። ሦስተኛው የፊት አክስል፣ አራተኛው የኋላ አክስል ነው። እናንተ የምትፈልጉት የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነው።

የእያንዳንዱን አክስል ክብደት ለሁለት ክፈሉ። ለምሳሌ የኋላው 1,550 ኪሎ ከሆነ አንድ ጎማ ቢያንስ 775 ኪሎ መሸከም አለበት። ይህን ጎማው ላይ ካለው የጭነት ቁጥር ጋር ታመሳክራላችሁ፦

- 98 ማለት 750 ኪሎ
- 99 ማለት 775 ኪሎ
- 103 ማለት 875 ኪሎ
- 104 ማለት 900 ኪሎ
- 106 ማለት 950 ኪሎ
- 109 ማለት 1,030 ኪሎ
- 112 ማለት 1,120 ኪሎ
- 115 ማለት 1,215 ኪሎ
- 121 ማለት 1,450 ኪሎ

በምሳሌያችን 99 ወለሉ ነው፣ ግባችሁ አይደለም። ጭነት ሁሌ እኩል አይከፈልም። ከበድ ያለ ዕቃ በአንድ ጎን ከተቀመጠና መኪናው ኩርባ ላይ ካዘነበለ ያ አንዱ ጎማ ከግማሹ በላይ ይሸከማል። መጽሐፉ 109 ካለ ደግሞ ሒሳቡ 99 ይበቃል ቢላችሁም ከ109 አትውረዱ።

ጎማው ላይ "109/107" ተብሎ ሁለት ቁጥር ከተጻፈ የመጀመሪያው ለነጠላ ጎማ ነው። ሁለተኛው በአንድ በኩል ሁለት ሁለት ጎማ ለሚገጠምበት አክስል ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል ፍጥነት ነው፦ አር 170፣ ኤስ 180፣ ቲ 190፣ ኤች 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ለቫን እዚህ ላይ ብዙ ራስ ምታት የለም፤ መጽሐፉ ካለው አትውረዱ፣ በቃ።

"ሲ" የምትለዋን ፊደል አትዝለሉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። መደርደሪያ ላይ ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ተቀምጧል እንበል። አንዱ "215/65 አር 16፣ 98" ይላል (እዚህ ያለችው አር የጎማውን አሠራር ነው የምታሳየው፣ ፍጥነትን አይደለም፤ ቁጥሮቹን ደረጃ 2 ላይ እንፈታቸዋለን)። ሌላው "215/65 አር 16 ሲ፣ 109/107" ይላል። ስፋታቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ቸርኬያቸውም አንድ ነው። የመጀመሪያው ግን የቤት መኪና ጎማ ነው፣ 750 ኪሎ ይሸከማል። ሁለተኛው የጭነት ሥራ ጎማ ነው፣ 1,030 ኪሎ ይሸከማል። በአንድ ጎማ 280 ኪሎ ልዩነት። የመጀመሪያው ርካሽ ስለሆነ "መጠኑ ልክ ነው" ተብሎ ይገጠማል። ባዶውን ሲነዳ ምንም አይሰማም። ሲጫን ጎኑ እየተጨፈለቀ ይግላል፣ ችግሩም የሚመጣው በረጅም መንገድ ላይ፣ በፍጥነት፣ በሙቀት ነው።

"ሲ" የምትመጣው ከቸርኬው ቁጥር ቀጥላ ነው። "ሲፒ" የሚል ካያችሁ ለመኖሪያ ቫን የተሠራ ነው፣ ክብደት ተሸክሞ ለረጅም ጊዜ ለሚቆም መኪና። "ኤክስኤል" የሚለው ጎኑ የጠነከረ የቤት መኪና ጎማ ነው። አንዳንድ ቀለል ያሉ ቫኖች ከፋብሪካ ይዘውት ይወጣሉ፤ መጽሐፉ ከፈቀደ ብቻ ተጠቀሙበት።

*ካልሆነስ?* ሳህኑ ከጠፋ ወይም ቁጥሩ ከተፋቀ በሻሲ ቁጥሩ የአምራቹን ወኪል ጠይቁ። ቫኑን ወደ መኖሪያ ከቀየራችሁት ደግሞ በግምት አትሥሩ። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው፤ አልጋው፣ ባትሪው፣ ምድጃው ገና አልተቆጠረም። እንደምትጓዙበት ጭናችሁ ሚዛን ላይ አውጡት፣ እያንዳንዱን አክስል ለየብቻ አስመዝኑ። ከአክስሉ ገደብ ካለፈ መፍትሔው ጭነት መቀነስ ነው። ጠንካራ ጎማ የአክስሉን ገደብ አያሳድግም።

ደረጃ 2፦ መጠኑን ወስኑ

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ በቂ ምክንያት ከሌላችሁ ፋብሪካው ባስቀመጠው መጠን ቆዩ። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት የተፈቀደ መጠን ይሰጣል፤ ከእነሱ መካከል ምረጡ። ከዚያ ውጭ ለመውጣት ከፈለጋችሁ የጎማውን ሙሉ ቁመት በእጃችሁ አስሉ። ከባድ አይደለም።

215/65 አር 16ን እንውሰድ። 215 ስፋቱ ነው በሚሊ ሜትር። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። 16 የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው።

- 215 × 0.65 = 139.75
- ከላይም ከታችም ስለሆነ፣ × 2 = 279.5
- 16 × 25.4 = 406.4
- ድምሩ 685.9 ሚሊ ሜትር

አሁን ሁለት አማራጭ እንይ። 215/60 አር 17 ስናሰላው 689.8 ይወጣል። ልዩነቱ 0.6 በመቶ ገደማ ነው፣ ምንም አይልም። 235/65 አር 16 ግን 711.9 ነው፣ 3.8 በመቶ ይበልጣል። ሰዎች ይህን የሚመርጡት "ያው 65፣ ያው 16፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ብቻ" ብለው ነው። ሰፋ ሲል ግን ቁመቱም አብሮ ያድጋል፣ ምክንያቱም 65ቱ በመቶ የሚሰላው ከስፋቱ ነው።

ያንን መጠን የገጠመ ቫን አይቻለሁ። የፊት ጎማው ወደ ቀኝ እስከ ጫፍ ሲዞር ከፓራፋንጎው ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ይነካ ነበር። ባትሪ አብርቼ ሳይ ፕላስቲኩ ላይ የጣት ስፋት ያላት፣ እንደ መስታወት የምታበራ ጥቁር መስመር ነበረች። ባለቤቱ ድምፁን የሰማው ዕቃ ሲጭን ብቻ ነው፤ ባዶውን ሞላው ከፍ ስለሚያደርገው አይነካም ነበር። የፍጥነት መቁጠሪያውም 100 ሲል መኪናው ወደ 104 ይሄዳል።

እኔ ከ2 በመቶ በላይ አልሄድም፣ በተለይ ወደ ላይ። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ቫን ከሆነ ደግሞ አራቱም አንድ መጠንና ተቀራራቢ ጥርስ ይኑራቸው፤ ካልሆነ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ያለ ዕረፍት ይሠራል።

ትልቅ ቸርኬ ወይስ ትንሽ?

ቸርኬው ባደገ ቁጥር የጎማው ጎን ይሳሳል። 215/65 አር 16 ላይ ጎኑ 140 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 255/45 አር 18 ላይ 115 ገደማ ይሆናል። ያቺ 25 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ስትመቱ በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል የነበረች ትራስ ናት። በዚያ ላይ ባለ 18ቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በ103 የጭነት ቁጥር ነው፣ 875 ኪሎ። ለሚጫን ቫን 15 ወይም 16 ኢንች ቸርኬ ከወፍራም ጎን ጋር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የምትመርጡበት የጎማ ዓይነትም ይበዛል።

ከፋብሪካው ወደ ትንሽ መውረድ ግን የራሱ ገደብ አለው። ትልቅ የፍሬን ዲስክ ያለው ቫን ትንሽ ቸርኬ አይቀበልም፣ ቸርኬው የፍሬኑን አካል ይነካል። ከመግዛታችሁ በፊት ጎማ የሌለው ቸርኬ ገጥማችሁ በእጅ አዙሩት።

ደረጃ 3፦ ቸርኬው ራሱ ይገጥማል?

አምስት ነገር ይመሳከራል። አንዱ ከቀረ አትግዙ።

የቡሎን ቀዳዳ። የቀዳዳው ብዛትና ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት ነው። ቮልስዋገን ትራንስፖርተር ቲ5 እና ቲ6 5×120 ናቸው። ነጠላ የኋላ ጎማ ያለው ፎርድ ትራንዚት 5×160፣ አሁን ያለው ቶዮታ ሃይየስ 6×139.7። አደገኛው ለጥቂት የሚለያየው ነው። 5×118 እና 5×120ን ዓይን አይለያቸውም። የመጀመሪያው ቡሎን ይገባል፣ ሁለተኛውም ይገባል፣ የቀሩት እየታገሉ ዘመም ብለው ይገባሉ። ቡሎን በእጅ ካልገባ በቁልፍ አታስገድዱት።

የመሃል ቀዳዳ። ከመኪናው ሞዞ፣ ማለትም ቸርኬው ከሚታሰርበት የመሃል ክፍል፣ ካነሰ አይገባም። ከበለጠ ቀለበት ይፈልጋል፤ ያለ ቀለበት ቸርኬው መሃል ላይ አይቀመጥም፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል።

ስፋትና ኢቲ። ኢቲ የሚለው ቁጥር ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው መሃል በስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ ይናገራል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። የድሮው 6.5 ኢንች ስፋትና ኢቲ 51፣ አዲሱ 7 ኢንችና ኢቲ 45 ቢሆን፣ የስፋቱ ጭማሪ በየጎኑ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። የኢቲው ልዩነት ደግሞ 6 ነው። ስለዚህ የውጭው ጠርዝ ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውስጡ ባለበት ይቆያል ማለት ይቻላል። ይህን በወረቀት ላይ ሥሩና ፓራፋንጎው ጋ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ፣ መኪናው እንደተጫነ።

የቸርኬው የመሸከም አቅም። ጀርባው ላይ በኪሎ ይታተማል። ከአክስሉ ግማሽ ማነስ የለበትም። ለቤት መኪና የተሠራ የሚያምር አሉሚኒየም ቸርኬ ቀዳዳው ቢገጥምም ኪሎው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቁጥሩ ካልታተመበት ወይም ካልተነበበ ተዉት።

የቡሎኑ አቀማመጥ። የቡሎኑ ወይም የዳዶው መቀመጫ ሾጣጣ፣ ክብ ወይም ጠፍጣፋ ነው። ሾጣጣውን ክብ መቀመጫ ላይ ብታጠብቁት የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው፣ ቆይቶም ይላላል። ብዙ ጊዜ የብረት ቸርኬ ቡሎን ለአሉሚኒየም አይሆንም። ስኮርታችሁ የብረት ከሆነ የእሱን ቡሎኖች ለብቻ በከረጢት አድርጋችሁ ከክሪኩ ጋር አስቀምጡ።

ደረጃ 4፦ እውነት ኦል ሲዝን ነው?

ሁለት ምልክት አለ። አንዱ "ኤም ፕላስ ኤስ"፣ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው። ይህን አምራቹ ያለ ፈተና ሊያትመው ይችላል። ሁለተኛው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ሲሆን መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ተስሏል። እሱን ለማግኘት ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፍ አለበት። እናንተ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለበረዶ መንገድ የሚቆጠረው እሱ ብቻ ነው።

ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች የበጋ ጎማ፣ ማለትም ለሙቀት ጊዜ የተሠራው፣ ላስቲኩ እየደረቀ መንገድ መያዝ ይቀንሳል። ኦል ሲዝን እዚያ ለስለስ ብሎ ይቆያል። በምላሹ በኃይለኛ ሙቀት ከበጋ ጎማ ቀድሞ ይበላል። እንዲህ ወስኑ፦

- ሙቀቱ ሁሌ ከፍ ያለ፣ በረዶ የማይታወቅበት ቦታ ከሆናችሁ፣ ጥሩ የበጋ "ሲ" ጎማ ይበቃችኋል።
- ብርድ፣ ዝናብ፣ አልፎ አልፎ በረዶ የሚፈራረቅበት ከሆነ ኦል ሲዝን ምረጡ።
- በረዶ ለወራት የሚቆይበት ተራራማ አገር ከሆነ፣ ለብቻው የበረዶ ጎማ ግዙ። ኦል ሲዝን እዚያ አይተካውም።

ደረጃ 5፦ ሱቅ ውስጥ

የተመረተበትን ቀን እዩ። ጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አሃዝ አለ። 2324 ከሆነ የ2024 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ነው፣ በፈረንጆቹ። አንዱ ጎን ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ካላያችሁት ጎማውን አዙሩት። ሁለት ዓመት ያለፈው ጎማ "አዲስ ነው" ተብሎ በሙሉ ዋጋ ሲሸጥላችሁ አትቀበሉ።

አራቱንም አንድ ዓይነት ግዙ። ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከደረሰ አዲሶቹ ኋላ ይግቡ፣ መኪናው በፊት ጎማ ቢነዳም። ይህን ስል ብዙ ሰው ይከራከረኛል። ፊቱ ሲንሸራተት መሪው ላይ ይሰማችኋል፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ ትመልሱታላችሁ። ኋላው ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ግን ማስጠንቀቂያ የለውም፣ መኪናው ይዞራል።

ቀስት ያለው ጎማ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሽከረከረው። ኦል ሲዝን ላይ ይህ ብዙ ነው። ስለዚህ ስኮርታው ለአንዱ ጎን ብቻ ልክ ይሆናል፤ በተቃራኒው ጎን ከገጠማችሁት ቀስ ብላችሁ እስከ ጎሚስታ ድረስ ብቻ ንዱ።

ደረጃ 6፦ የመግጠሚያው ቀን

1. ቫልቩን ጠይቁ። ተራው የላስቲክ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ እስከ 4.5 ባር፣ ማለትም 65 ፒኤስአይ ድረስ ነው። የእናንተ የኋላ ጎማ ከዚያ በላይ ከፈለገ የብረት ቫልቭ ይግባ። አንድ ከባድ ቫን ላይ፣ ጎማው 4.75 ባር ተሞልቶ፣ የላስቲክ ቫልቩን የሳሙና ውሃ ቀብቼ በጣቴ ጎንበስ ሳደርገው ከሥሩ ትንሽ አረፋ ወጣች። ጎማው ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር።
2. የሞዞውን ገጽ አስጠርጉ። ዝገትና ቆሻሻ ካለ ቸርኬው ተስተካክሎ አይቀመጥም።
3. ቀስቱን ራሳችሁ እዩ። ቀስቱ በጎማው አናት ላይ ሲሆን ወደ መኪናው ፊት መጠቆም አለበት። ቀስት ከሌለ "ውጭ" የሚለው ጽሑፍ በውጭ በኩል መሆኑን አረጋግጡ።
4. ቡሎኖቹን በእጅ አስጀምሩ። ቢያንስ 6 ወይም 7 ሙሉ ዙር መግባት አለባቸው። ባነሰ ዙር ከጠበቀ ቡሎኑ አጭር ነው፤ መኪናው አይነሳ።
5. በመስቀለኛ አጥብቁ። ጎን ለጎን አትሂዱ። መጨረሻ ላይ በጉልበት መለኪያ ቁልፍ፣ መጽሐፉ በሚለው ልክ። በአየር መፍቻ ብቻ ጠብቆ መውጣት የለበትም።
6. ንፋሱን በሩ ላይ ባለው ወረቀት ሙሉ። ባዶና ጭነት ተብሎ ሁለት ቁጥር አለ። ጎማው ሲቀዘቅዝ ለኩ። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። መጠን ከቀየራችሁ የወረቀቱ ቁጥር ላይሠራ ይችላል፤ የጎማው አምራች የሚያወጣውን የጭነትና የንፋስ ሰንጠረዥ ጠይቁ።
7. ከግቢው ሳትወጡ መሪውን እስከ ሁለቱም ጫፍ አዙሩ። አንድ ሰው ውጭ ሆኖ ይስማ።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና በመለኪያ ቁልፉ ፈትሹ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ አሉሚኒየም ቸርኬ ላይ።

ደረጃ 7፦ ችግር ከመጣ

መሪው በ80 እና በ110 መካከል ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ባላንስ። ካልቆመ የመሃል ቀለበቱን እዩ። ከዚያ በኋላ ነው አላይመንት የሚመጣው፤ የተበላሸ አላይመንት መኪናውን ወደ ጎን ይስበዋል እንጂ አያንቀጠቅጠውም።

ስትጭኑ ይፍቃል። ፓራፋንጎውን ከመቁረጣችሁ በፊት የሚያበራውን መስመር ፈልጉ። ውጭ በኩል ከሆነ ኢቲው አንሷል። ውስጥ በኩል፣ ሞላው ወይም አሞርቲዘሩ ጋ ከሆነ፣ ኢቲው በዝቷል ወይም ጎማው ሰፍቷል። መጠኑን መልሱ።

ኋላው ይዋዥቃል። ንፋሱን ለኩ። ልክ ከሆነ ጎማውን አንብቡ፣ "ሲ" አለ? የጭነት ቁጥሩስ?

ጎኑ ላይ እንቁላል የመሰለ እብጠት ወጣ። ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። አይጠገንም። ስኮርታ ቀይሩና ያንን ጎማ አስወግዱ፣ "እስከ ነገ ያደርሰኛል" አይባልም።

መሃሉ ብቻ እያለቀ ነው። ንፋስ በዝቷል። ሁለቱ ጠርዞች ብቻ ከሆኑ አንሷል። አንድ ጠርዝ ብቻ ከሆነ ወደ አላይመንት ሂዱ።

በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር የፊቱን ከኋላው አለዋውጡ። ባለ ቀስት ከሆነ በዚያው ጎን፣ ከፊት ወደ ኋላ። የፊትና የኋላው ንፋስ ስለሚለያይ ስትቀያይሩ ንፋሱንም ቀይሩ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የጥርሱን ጥልቀት ለኩ። ብዙ አገር ሕጉ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ በጥርሱ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች የሚያሳዩት እሱን ነው። በረዶ ላይ የምትነዱ ከሆነ ግን 4 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ቀይሩ፤ ከዚያ በታች ላስቲኩ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆች በረዶውን የሚይዙበት ጥልቀት አይቀራቸውም።